ደረጃው ላይ የሚዘልሉት ወንድማማቾች፦ ስለ ፋያርድ እና ሃሮልድ ኒኮላስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሙሉ ልብስ የለበሱ ሁለት ወጣቶች ሰፊ ደረጃ ሲወርዱ፣ አንዱ በሌላው ራስ ላይ እየዘለለ ከታች ባለው እርከን ላይ እግሩን ዘርግቶ ሲያርፍ የሚያሳይ ጥቁርና ነጭ ቪዲዮ በየጥቂት ወሩ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ብዙ ጊዜ ስም አይጻፍበትም፤ "የድሮ ሰዎች ጉድ ናቸው" ተብሎ ይታለፋል። እነዚህን ሁለት ሰዎች ለዓመታት ስከታተል ስለኖርኩ ስማቸው ሳይነሣ ሲቀር ያንገበግበኛል። ቪዲዮውን ያዩ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝን ሰብስቤ የማውቀውን ያህል መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እነማን ናቸው?

ኒኮላስ ወንድማማቾች ይባላሉ። ታላቁ ፋያርድ ኒኮላስ በጥቅምት 1914 በአላባማ ግዛት ሞቢል ከተማ ተወለደ። ታናሹ ሃሮልድ በመጋቢት 1921 በሰሜን ካሮላይና ግዛት ዊንስተን ሴለም ተወለደ። ጥቁር አሜሪካውያን የታፕ ዳንስ ተጫዋቾች ናቸው። ቪዲዮው የተወሰደው በ1943 ከወጣው "ስቶርሚ ዌዘር" ከተባለው ሙዚቃዊ ፊልም ነው። ፊልሙ ሲወጣ ፋያርድ 28፣ ሃሮልድ ደግሞ 22 ዓመታቸው ነበር።

እዚያ ደረጃ ላይ በትክክል ምን እየተደረገ ነው?

ቪዲዮው ሁልጊዜ ተቆርጦ ስለሚላክ ብዙ ሰው መጀመሪያውን አላየውም። ዘፋኙና የኦርኬስትራ መሪው ካብ ካሎዌይ ከሙዚቀኞቹ ፊት ቆሞ ይዘፍናል፤ ወንድማማቾቹ ከእንግዶች እንደ አንዱ ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። ዘፈኑ ሲደርስላቸው ብድግ ይሉና መደነስ ይጀምራሉ። ከወለሉ ወደ ኦርኬስትራው መድረክ ይሻገራሉ፤ በሙዚቀኞቹ መካከል እየዘለሉ ያልፋሉ፤ ፒያኖው ላይ ይወጣሉ። እግራቸው ያረፈበት ሁሉ ድምፅ ያወጣል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ደረጃው የሚሄዱት።

እርከኖቹ እንደ ቤት ደረጃ ያሉ አይደሉም፤ ለትርዒት የተሠሩ፣ ረጃጅምና ሰፋፊ ናቸው። አንዱ ወንድም አንድ እግሩን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ ዘርግቶ እርከኑ ላይ ይወርዳል። ከበስተኋላው ያለው በራሱ ላይ ዘልሎ አንድ እርከን ዝቅ ብሎ በዚያው አኳኋን ያርፋል። ያኛው ተነሥቶ ደግሞ በዚህኛው ላይ ይዘልላል። እንዲህ እየተፈራረቁ እስከ ታች ይደርሳሉ።

በዝግታ መልሳችሁ ስታዩ አነሣሣቸውን ተከታተሉ። ከዚያ ሁሉ ከፍታ ወርዶ እግሩ በተዘረጋበት ያረፈ ሰው እጁን መሬት ላይ ደግፎ ቢነሣ ማንም አይፈርድበትም። እነሱ ግን እጃቸውን አያስነኩም። የፊተኛውንና የኋለኛውን ተረከዝ በጭን ጡንቻ ኃይል ብቻ ወደ መካከል ይስቡና ገመድ ወደ ላይ እንደጎተታቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ልብሳቸው አልተጨማደደም፤ ፊታቸው ላይ የሕመም ምልክት አይታይም። እኔ እስከ ዛሬ ሳየው ጉልበቴን የሚያመኝ ይመስለኛል።

እውነት ያለ ልምምድ፣ በአንድ ጊዜ ቀረጻ ነው የተሠራው?

ፋያርድ በኋለኛ ዘመኑ ደጋግሞ የተናገረው እንዲህ ነው፦ የዳንሱን አቀማመጥ ያዘጋጀው ኒክ ካስል "አትለማመዱት፤ ዝም ብላችሁ አድርጉት" አላቸው፤ እነሱም ካሜራው ሲነሣ በአንድ ጊዜ ጨረሱት።

"ያለ ልምምድ" ሲባል ግን ደረጃው ላይ አልተለማመዱም ማለት ነው። ዝላዩን፣ አስተራረፉንና አነሣሡን ከልጅነታቸው ጀምሮ በየመድረኩ፣ በየማታው ሲሠሩት ኖረዋል። አንዱ መቼ እንደሚነሣ ሌላው ሳያየው ያውቃል። ያ ቀን የደረሰው ከ10 ዓመት በላይ አብረው ከደነሱ በኋላ ነው።

የት ተማሩ? መምህራቸው ማን ነበር?

የዳንስ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ይህን ስናገር ብዙ ሰው አያምነኝም።

አባታቸው ዩሊሲስ የድራም፣ እናታቸው ቫዮላ ደግሞ የፒያኖ ተጫዋች ነበሩ። ሁለቱም በፊላደልፊያ ከተማ በነበረው ስታንዳርድ ቲያትር ኦርኬስትራ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ቲያትሩ ጥቁር አርቲስቶች ሥራቸውን የሚያቀርቡበት ቤት ነበር፤ ኮሜዲያኑ፣ ዘፋኙ፣ ዳንሰኛውና አክሮባት ሠሪው ተራ በተራ ይወጡበት ነበር። ወላጆቹ ሲጫወቱ ሕፃኑ ፋያርድ ከፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። የመሪጌታ ልጅ ማኅሌት ውስጥ ከአባቱ ጎን ቆሞ ጽናጽሉንና መቋሚያውን እያየ ዝማሜውን ሳይታወቀው እንደሚይዘው፣ ይህም ልጅ የዘመኑን ታላላቅ ተጫዋቾች በየቀኑ እያየ በዓይኑ ያዛቸው። ቤት ሲገባ ያየውን ይሞክራል፤ የቻለውንም ለእኅቱ ለዶሮቲና ለትንሹ ሃሮልድ ያሳያል። መጀመሪያ ላይ መድረክ የወጡት ሦስቱም ሆነው ነበር፤ ቆይቶ ሁለቱ ወንድማማቾች ብቻ ቀሩ።

አባታቸው የሰጧቸውን ምክር ፋያርድ እስከ እርጅናው ያነሣው ነበር፤ የሌላውን ዳንሰኛ እንዳይቀዱና ሲደንሱ እግራቸውን ትተው ተመልካቹን እንዲያዩ ነግረዋቸዋል። የትኛውንም ፊልማቸውን ክፈቱ፤ ዓይናቸው ወደ እግራቸው ሲወርድ አታገኙትም።

ከቲያትር ቤት ወደ ፊልም እንዴት ተሻገሩ?

በ1932 በኒው ዮርክ፣ ሃርለም ሠፈር፣ በታዋቂው ኮተን ክለብ መሥራት ጀመሩ። ሃሮልድ ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ነው። እዚያ ከካብ ካሎዌይና ከዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራዎች ጋር ሠርተዋል። ይህ በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ የነበረውና ሙላቱ አስታጥቄ የተቀበለው ያው ዱክ ኤሊንግተን ነው።

ክበቡ በጥቁሮች ሠፈር መካከል ቢሆንም መድረኩ ላይ የሚሠሩት ጥቁሮች፣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ግን ነጮች ነበሩ። ወንድማማቾቹ ልጆች በመሆናቸው ትርዒታቸውን ሲጨርሱ ወደ እንግዶቹ ጠረጴዛ እንዲሄዱ ይፈቀድላቸው ነበር። ለጎልማሶቹ አርቲስቶች ይህ አልተፈቀደም።

በዚያው በ1932 "ፓይ ፓይ ብላክበርድ" በተባለ አጭር ፊልም ከፒያኒስቱ ዩቢ ብሌክ ጋር ታዩ። በ1934 በ"ኪድ ሚሊየንስ" ሆሊዉድ ገቡ። ከዚያ የኒው ዮርክ ታላላቅ ቲያትሮች መናኸሪያ ብሮድዌይ፣ ከዚያ ለንደን፣ እንደገና ብሮድዌይ። በ1937 በአንድ የብሮድዌይ ሥራ ላይ ዳንሱን ያዘጋጀው በሴንት ፒተርስበርግ የተወለደው የባሌ ዳንስ ሊቅ ጆርጅ ባላንቺን ነበር፤ ፋያርድ በተሰለፉ ሴት ዳንሰኞች ላይ እንዲዘልል፣ ሃሮልድ ደግሞ በእግሮቻቸው መካከል ተንሸራትቶ እንዲያልፍ አደረገ። ከዳንስ ትምህርት ቤት ያልመጡትን እነዚህን ልጆች ያየ ሰው ባሌ የተማሩ ይመስሉት ነበር።

በ1940 "ዳውን አርጀንታይን ዌይ" ከወጣ በኋላ ትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ፎክስ የተባለው የፊልም ስቱዲዮ የ5 ዓመት ውል ሰጣቸው። በአንዳንድ ሲኒማ ቤቶች ተመልካቹ በጭብጨባና በጩኸት ፊልሙን አስቁሞ የእነሱ ክፍል እንደገና እንዲታይለት ያስደርግ እንደነበር ይነገራል። በዚያ ፊልም ሃሮልድ በስፓኒሽ ይዘፍናል።

ታፕ ዳንስ ምንድን ነው? እነሱ የሚሠሩትስ አክሮባት አይደለም?

ታፕ ዳንስ ጫፉና ተረከዙ ላይ ብረት በተመታበት ጫማ ይደነሳል። ተጫዋቹ በእግሩ ምት ይሠራል፤ ስለዚህ ዳንሰኛም ሙዚቀኛም ነው። ሥሩ በአሜሪካ ባርነት ዘመን ነው። ከበሮ የተከለከሉት አፍሪካውያን ምቱን ወደ እግራቸው አወረዱት፤ ያም ከአየርላንድና ከእንግሊዝ የእግር ጭፈራዎች ጋር ተቀላቀለ።

የወንድማማቾቹን ዓይነት ዝላይ የበዛበትን አጨፋፈር ሌሎች "ፍላሽ" ይሉታል። እነሱ ግን ይህን ስም አልወደዱትም፤ "ክላሲካል ታፕ" ይሉት ነበር። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። አክሮባት የሚሠራ ሰው ለዝላዩ ይዘጋጃል፣ ይዘልላል፣ ከዚያ ቆሞ ጭብጨባ ይቀበላል። እነሱ ግን ከዝላዩ በፊት የነበረው ምት በአየር ላይ እያሉም አይቋረጥባቸውም፤ የሚያርፉት ምቱ በሚወድቅበት ቦታ ላይ ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብታዳምጡ መቼ እንደዘለሉ ለማወቅ ትቸገራላችሁ።

ደግሞ እጃቸው። እስክስታ የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ትከሻው ሲመታ አንገቱ፣ ዓይኑና ጣቱ እንዴት እንደሚያጅቡት ያውቃልና። በዘመኑ የነበሩ ብዙ ታፕ ተጫዋቾች ከወገብ በላይ ዝም ይሉ ነበር። ፋያርድ ግን እጆቹን እንደ ሐረግ ይዘረጋቸዋል፤ ጣቶቹ ከፍተው ይዘጋሉ፤ እግሩ የተናገረውን እጁ ያብራራዋል። ሃሮልድ በአንጻሩ ጭምትና ቁጥብ ነው፤ እንቅስቃሴውን አጥርቶ፣ ጥርት አድርጎ ይጨርሳል። ይህን ልዩነት አንዴ ከለያችሁት ሁለቱን ከጀርባቸውም ቢሆን አታምታቷቸውም።

የምንሰማው የጫማ ድምፅ በቀረጻው ጊዜ የተቀዳ ነው?

በአብዛኛው አይደለም። በዚያ ዘመን ሙዚቃው ቀድሞ ይቀዳል፤ ዳንሰኛው የተቀዳውን እየሰማ ካሜራ ፊት ይደንሳል። የጫማው ድምፅ በኋላ፣ ዳንሰኛው ምስሉን እያየ ስቱዲዮ ውስጥ እንደገና ደንሶ ይቀዳና ይገጠማል። የሆሊዉድ ታፕ ተጫዋች ሥራውን ቢያንስ ሁለት ጊዜ መሥራት ነበረበት፤ ለዓይን አንዴ፣ ለጆሮ አንዴ።

ይህን ያህል ችሎታ እያላቸው ለምን ዋና ተዋናይ ሆነው አላየናቸውም?

ጥቁሮች ስለሆኑ ነው። ይህን በጨዋ ቃል ለማለሳለስ አልፈልግም።

በዚያን ዘመን በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች የዘር መድልዎ ሕግ ነበር። ጥቁር አርቲስት በክብር የታየበትን ፊልም አናሳይም የሚሉ ሲኒማ ቤቶችና የፊልም ሳንሱር ክፍሎች ነበሩ። ገበያውን ማጣት ያልፈለጉት ስቱዲዮዎች መላ አበጁ፦ ጥቁር አርቲስቶችን ከታሪኩ ጋር በማይያያዝ የሙዚቃ ክፍል ብቻ ያስገቧቸዋል። ክፍሉ ተቆርጦ ቢወጣ ታሪኩ ላይ ምንም አይጎድልም። ወንድማማቾቹ በፊልሙ ውስጥ ስም የላቸውም፤ ቤት፣ ፍቅር፣ ጠብ የላቸውም። ይመጣሉ፣ ይደንሳሉ፣ ይሄዳሉ።

በ1941ዱ "ሰን ቫሊ ሴሬናድ" ይህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የግሌን ሚለር ኦርኬስትራ ስለ ባቡር ጉዞ የሚዘፈነውን ዘፈን ይጫወታል፤ ከዚያ ሁለቱ ወንድማማቾች ከተዋናይዋ ዶሮቲ ዳንድሪጅ ጋር ባቡር በተሠራበት መድረክ ላይ ብቅ ብለው ሲደንሱ ይቆዩና ተመልሰው አይመጡም። ፊልሙ እነሱን እንዳላየ ወደ ታሪኩ ይመለሳል። ተዋንያኑ ሁሉ ጥቁሮች በሆኑበት በ"ስቶርሚ ዌዘር" እንኳን የተሰጣቸው ወደ መጨረሻው አካባቢ አንድ ክፍል ብቻ ነው።

ሃሮልድ ጥሩ ድምፅ ነበረው፤ የታወቁ ዘፋኞችን አስመስሎ ያስቅ ነበር፤ መልኩም ለካሜራ የተሠራ ነበር። ፋያርድ ዳንስ ያቀናብር ነበር፤ በ1970 ደግሞ በዳይሬክተር ዊሊያም ዋይለር ፊልም ዳንስ የሌለበት ከባድ ገጸ ባሕርይ ተሰጥቶት ተጫውቷል። ያኔ 55 ዓመት አልፎት ነበር። በ25 ዓመቱ እንዲህ ያለ ዕድል ቢሰጠው ምን እናይ ነበር የሚለው ሐሳብ አሁንም ይከነክነኛል።

ከፍሬድ አስቴርና ከጂን ኬሊ ጋር ግንኙነት ነበራቸው?

የሆሊዉዱ ታዋቂ ዳንሰኛ አስቴር የደረጃውን ዳንስ እስከዚያ ድረስ በፊልም ካያቸው የሙዚቃ ክፍሎች ሁሉ ታላቁ ነው ብሎ እንደነገራቸው ወንድማማቾቹ ይናገሩ ነበር። ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅና በራሱም ሥራ ላይ እጅግ ጥብቅ የነበረ ሰው የሰጠው ምስክርነት በመሆኑ ትልቅ ነገር ነው።

ነጩ የፊልም ዳንሰኛ ጂን ኬሊ ደግሞ በ1948 በ"ዘ ፓይሬት" አብሯቸው ደነሰ። ዳይሬክተሩ ቪንሰንት ሚኔሊ፣ ዘፈኑን የደረሰው ኮል ፖርተር ነው። ሦስቱ እኩል ተሰልፈው፣ አንድ ዓይነት ዳንስ፣ አንድ ዓይነት የቀልድ ልብስ ለብሰው ይጫወታሉ። ዛሬ ሲታይ ምንም አዲስ ነገር የለውም፤ በ1948 ግን ጥቁርና ነጭ ዳንሰኞች በእኩልነት ጎን ለጎን መታየታቸው ብቻውን በቂ ሰበብ ስለነበር በአንዳንድ የደቡብ ከተሞች ክፍሉ ተቆርጦ ወጣ። ከዚያ በኋላ ወንድማማቾቹ በሆሊዉድ ሙዚቃዊ ፊልም ውስጥ አብረው የደነሱበት ሥራ አላገኙም።

ሃሮልድ የዶሮቲ ዳንድሪጅ ባል ነበር የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። በ1942 ተጋቡ፤ በ1943 ሴት ልጅ ወለዱ፤ በ1951 ተፋቱ። ዳንድሪጅ በኋላ ለምርጥ ዋና ሴት ተዋናይ ኦስካር የታጨች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች። ትዳሩ ለእርሷ ደስተኛ አልነበረም፤ ልጃቸውም ከባድ የአእምሮ ጉዳት ነበረባት። ከዚህ በላይ ዝርዝር ውስጥ መግባት አልሻም።

ከ1948 በኋላ የት ገቡ?

አውሮፓ። በዚያው ዓመት ለንደን ላይ በንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ፊት ሥራቸውን አቀረቡ። በአሜሪካ ከኋላ በር እንዲገቡ የሚደረጉ ጥቁር አርቲስቶች በፓሪስና በለንደን በክብር ይስተናገዱ ስለነበር ብዙዎች ወደዚያ ሄደዋል። ፋያርድ በ1950ዎቹ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ሃሮልድ ግን ለዓመታት ፈረንሳይ ቆይቶ ለብቻው ይሠራ ነበር። ተጣልተው ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን በ1964 በአሜሪካ ቴሌቪዥን እንደገና አንድ ላይ ታዩ፤ ከዚያም በኋላ አብረው መሥራት ቀጠሉ።

በሕይወት እያሉ ተከበሩ?

ዘግይቶም ቢሆን፣ አዎ። ፋያርድ በ1989 "ብላክ ኤንድ ብሉ" ለተባለው የብሮድዌይ ትርዒት ዳንስ በማቀናበሩ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር የቶኒ ሽልማት አገኘ። በ1991 ሁለቱም የኬኔዲ ማዕከልን ክብር ተቀበሉ፤ በ1994 በሆሊዉድ ጎዳና ላይ ኮከባቸው ተቀመጠ። ዩኒቨርሲቲ ደረጃ ድረስ ሄደው ወጣቶችን አስተምረዋል።

ሃሮልድ በሐምሌ 2000 በ79 ዓመቱ፣ ፋያርድ በጥር 2006 በ91 ዓመቱ አረፉ።

ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚያስደስተኝ የቤተሰባቸው ፊልም ነው። ወላጆቻቸው ትንሽ የፊልም ካሜራ ነበራቸው፤ በ1930ዎቹ የሃርለምን ጎዳና፣ የኮተን ክለብን ውስጥ፣ የጉዞአቸውን ትዝታ ቀርጸውበታል። በ2011 የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ይህን የቤተሰብ ቅጂ ሊጠበቅ የሚገባው ቅርስ ብሎ መዘገበው። "ስቶርሚ ዌዘር" ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2001 ተመዝግቦ ነበር።

ዛሬ ማን ላይ አሻራቸው ይታያል?

የጃኔት ጃክሰንን የ1990 "ኦልራይት" የሙዚቃ ቪዲዮ ያየ ሰው ሳያውቀው አይቷቸዋል፤ ከካብ ካሎዌይና ከፊልም ዳንሰኛዋ ሲድ ቻሪስ ጋር በእንግድነት ቀርበዋል። የማይክል ጃክሰን አለባበስና አቋቋም ውስጥም ይታዩኛል፤ ጃክሰኖቹ በ1970ዎቹ በነበራቸው የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ወንድማማቾቹን ጋብዘዋቸው ነበር። የባሌ ዳንሰኛው ሚካኤል ባሪሽኒኮቭም በሕይወቱ ካያቸው ዳንሰኞች ሁሉ እጅግ አስደናቂዎቹ እነሱ መሆናቸውን ተናግሯል።

ከየትኛው ሥራቸው ልጀምር?

ደረጃውን አስቀድማችሁ አይታችሁታል፤ ስለዚህ ከ1942ቱ "ኦርኬስትራ ዋይቭስ" ጀምሩ። ሃሮልድ በግድግዳ ላይ ሮጦ ይወጣና ወደ ኋላ ተገልብጦ እግሩን ዘርግቶ ያርፋል። ቀጥሎ "ዳውን አርጀንታይን ዌይ"ን ተመልከቱ፤ ሃሮልድ ሲዘፍን ስሙት። ከዚያ ወደ 1932ቱ አጭር ፊልም ተመለሱ፤ ዩቢ ብሌክ ፒያኖውን እየመታ አንድ ልጅና አንድ ጎረምሳ ሲደንሱ ታያላችሁ። ልጁ ገና ትንሽ ነው፣ ግን ፊቱ ቀጥ ብሎ ወደ ካሜራው ነው። ጎረምሳው እጆቹን ዘርግቷል፤ ጣቶቹ ያኔም ይናገራሉ።